ወደ ባሏ እንዳትሄድ በግዝት፦ የአሌክሳንደር 6ኛና የጁሊያ ፋርኔዜ ጉዳይ

ኦክቶበር 22 ቀን 1494 ከሮም አንድ ደብዳቤ ወጣ። ላኪው የ63 ዓመቱ የሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ፖፕ) አሌክሳንደር 6ኛ ነው። ተቀባይዋ ከሮም በስተሰሜን በቦልሴና ሐይቅ ዳር፣ ካፖዲሞንቴ በተባለች ሥፍራ ከቤተሰቦቿ ዘንድ የተቀመጠች የ20 ዓመት ወጣት ናት፤ ጁሊያ ፋርኔዜ ትባላለች። ደብዳቤው ገና ከመነሻው ምስጋና ቢስና ከዳተኛ ይላታል። ጥፋቷ ያለ ባሏ ፈቃድ ወደ ሮም እንደማትመጣ መጻፏ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፖፑ ቃል ገብታለት እንደነበር፣ ወደ ባሏ ላትጠጋ እንደማለችለት ያስታውሳታል። ባሏን ከድንጉላ ፈረስ ጋር እያመሳሰለ ይሰድበዋል። እስከዚህ ድረስ ያለው በማንም ቅናተኛ ሰው ልብ ውስጥ የሚፈላ ነገር ነው፤ በዕድሜውና በማዕርጉ ቢያሳፍርም እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትእዛዝ ነው። ጁሊያ ከካፖዲሞንቴ ወይም ከጎረቤቷ ከማርታ እንዳትነቃነቅ፣ ይልቁንም ባሏ ወዳለበት ወደ ባሳኔሎ እንዳትሄድ ያዝዛል፤ ብትተላለፍ ውግዘትና የዘላለም ርግማን እንዲወድቅባት። ሚስት ወደ ባሏ እንዳትሄድ በግዝት ታሰረች።

ግዝት ምን እንደሆነ ለአገሬ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ካህን «ገዝቼሃለሁ» ሲል የተነሣ ዱላ የሚመለስበት፣ ለደም የወጣ ሰው ከመንገድ የሚቀርበት አገር ሰዎች ነን። በሮም ቤተ ክርስቲያንም ውግዘት የመጨረሻው ሰይፍ ነበር። የተወገዘ ከቅዱስ ቁርባን ይለያል፤ ንስሐ ሳይገባ ቢሞት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም። ነገሥታት ሳይቀሩ ይፈሩት ነበር። ጌታ ለጴጥሮስ «የመንግሥተ ሰማያትንም መክፈቻዎች እሰጥሃለሁ» ያለውን ቃል የሮም ፖፖች የሥልጣናቸው መሠረት አድርገው ይጠቅሱታል። በዚያ የኦክቶበር ቀን ይህ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አንዲትን ወጣት ሴት ከሕጋዊ ባሏ ለመለየት ዋለ።

ስለ መካከለኛው ዘመንና ስለ ሕዳሴው ዘመን ፖፖች ነውር ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው የመኝታ ቤት ወሬ ነው። በእኔ እምነት ግን የዚህ ታሪክ እምብርት ዝሙቱ ብቻ አይደለም። ሥጋ ደካማ ነው፤ ለደካማ ሥጋ ንስሐ አለ። የከፋው ነገር ቅዱሱ ሥልጣን ራሱ የሥጋ አገልጋይ መሆኑ ነው። የጁሊያ ጉዳይ ይህን ከሌሎቹ ሁሉ አጥርቶ ያሳያል፤ ምክንያቱም ምስክሩ የጠላት ሐሜት ሳይሆን የፖፑ የራሱ ደብዳቤ ነው።

አሌክሳንደር 6ኛ ከመባሉ በፊት ስሙ ሮድሪጎ ቦርጂያ ነበር። የተወለደው በስፔን፣ በቫሌንሲያ አቅራቢያ ነው። አጎቱ ካሊክስቶስ 3ኛ ተብሎ መንበሩን ሲይዝ የእኅቱን ልጅ በ1456 ካርዲናል፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ምክትል ቻንስለር አደረገው። ይህ የቤተ ክርስቲያኒቱ ደብዳቤና ማኅተም የሚያልፍበት፣ ገቢውም እጅግ የበዛ ሹመት ነው፤ ሮድሪጎ በአምስት ፖፖች ዘመን ለ35 ዓመታት ያዘው። በ1460፣ የ29 ዓመት ካርዲናል ሳለ፣ በሲዬና ከተማ አንድ የአትክልት ሥፍራ ውስጥ የከተማይቱ ሴቶች ተጠርተው ሲጨፈር ተዋለ፤ ባሎቻቸው፣ አባቶቻቸውና ወንድሞቻቸው ግን እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። ፖፕ ፒዮስ 2ኛ ወሬው ደርሶት በጽሑፍ ገሠጸው። ሮድሪጎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታውንም አገኘ። ሹመቱ ግን ከነገቢው በእጁ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ቫኖፃ ካታኔይ ከተባለች የሮም ሴት አራት ልጆች ወለደ፤ ቼዛሬ፣ ሁዋን፣ ሉክሬዚያና ጆፍሬ ይባላሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጥ ያስፈልጋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ከመቀሰሱ በፊት አግብቶ በአንድ ሚስት ተወስኖ ያገለግላል፤ ጳጳሱ ግን ከመነኮሳት መካከል ይመረጣል። በላቲኑ ቤተ ክርስቲያን ከ1139ኙ የላተራን ጉባኤ ወዲህ ማዕርገ ክህነት የያዘ ሰው የሚፈጽመው ጋብቻ ጨርሶ እንደ ጋብቻ አይቆጠርም። ስለዚህ ሴቲቱ ዕቁባት፣ ልጁም ከሕግ ውጭ የተወለደ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ሹመት እንዲያገኝ ከሕጉ የሚፈታ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ያንን ደብዳቤ የሚሰጠው ፖፑ ነው። ሕጉን የሚጥሰውና ከሕጉ የሚፈታው እጅ አንድ ሲሆን ዳኛ ማን ይሆናል? በሴፕቴምበር 1501 አሌክሳንደር ስለ አንድ ሕፃን፣ ስለ ጆቫኒ ቦርጂያ፣ በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ አወጣ። የመጀመሪያው ሕፃኑ የቼዛሬ ልጅ ነው ይላል፤ ሁለተኛውና ምስጢራዊው የፖፑ የራሱ ልጅ ነው ይላል። ሁለቱም በአንድ ማኅተም የጸኑ ናቸው።

ጁሊያ ወደዚህ ቤት የገባችው በ1489 ነው። የፋርኔዜ ቤተሰብ ከሮም በስተሰሜን መሬትና ግንብ ያለው፣ በከተማይቱ ውስጥ ግን ገና ብዙ ስም ያላተረፈ ባላባት ነበር። ልጅቱ በ15 ዓመቷ ለኦርሲኖ ኦርሲኒ ተዳረች። ሠርጉ የተደረገው በካርዲናል ሮድሪጎ ቤተ መንግሥት ነው። የሙሽራው እናት አድሪያና ዴ ሚላ የሮድሪጎ የሥጋ ዘመድ ነበረች፤ የሮድሪጎን ልጅ ሉክሬዚያንም የምታሳድገው እሷ ናት። አማት ለልጇ ክብር ዘብ መቆም ሲገባት ምራቷን ለዘመዷ ጠባቂ ሆና ኖረች። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ እኔን እጅግ የምትከብደኝ ይህች ሴት ናት። የ15 ዓመት ልጅ ከአባቷ ቤት ወጥታ በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ስትወድቅ ማን ምከሪ፣ ማን ከልክይ ይላታል?

በኦገስት 1492፣ ፖፕ ኢኖሰንት 8ኛ ከሞተ በኋላ፣ 23 ካርዲናሎች ተሰብስበው ሮድሪጎን መረጡ። ሹመቱ በስጦታና በቃል ኪዳን እንደተገዛ በዘመኑ በሰፊው ተወርቷል። ካርዲናል አስካኒዮ ስፎርዛ ለድጋፉ የሮድሪጎን የምክትል ቻንስለርነት ቦታና ቤተ መንግሥቱን ወረሰ። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ሲሞን መሠርይ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በገንዘብ ለመግዛት ሲመጣ ጴጥሮስ ምን ብሎ እንደመለሰው ያውቃል። አሁን ገበያው የተዘረጋው በጴጥሮስ መንበር ላይ ነው።

ጁሊያ፣ አድሪያናና ሉክሬዚያ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጥግ በሚገኘው በሳንታ ማሪያ ኢን ፖርቲኮ ቤተ መንግሥት አብረው ተቀመጡ። በዲሴምበር 1493፣ በልደት ዋዜማ ሰሞን፣ የጁሊያ እኅት ባል ወንድም የሆነው ፍሎሬንሳዊው ሎሬንዞ ፑቺ ሊጠይቃቸው ገባ። ያየውንም ለወንድሙ ጻፈ። ሦስቱ ሴቶች እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ጁሊያ ጠጉሯን ታጥባ ነበር፤ ስትፈታው እስከ እግሯ ወረደ፤ እንዲህ ያለ ጠጉር አይቼ አላውቅም ይላል። ከዚያም በራሷ ላይ ስስ ሻሽ፣ በላዩም በወርቅ የተጠለፈ መረብ ደረበች፤ እንደ ፀሐይ አበራ። ሕፃኗን ላውራንም አሳዩት፤ መልኳ ፖፑን ከመምሰሉ የተነሣ ከእርሱ አብራክ የተገኘች ያሰኛል ብሎ ጽፏል። የላውራ አባት ማን እንደነበረ ዛሬም ታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። ለእኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። እንግዳው ይህን ሁሉ ሲጽፍ የድንጋጤ ቃል አንድ እንኳ የለበትም። ሰውየው ደብዳቤውን የጻፈው ስለ ባለሥልጣን ዘመዶቹ ደኅንነት እንደሚጽፍ ሰው ነው፤ ነገሩ በከተማው ፊት እንዲህ ተለምዶ ነበር።

ያ ጉብኝት ከመሆኑ ከሦስት ወር በፊት፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1493፣ አሌክሳንደር 12 አዳዲስ ካርዲናሎችን ሾሞ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የ18 ዓመቱ የገዛ ልጁ ቼዛሬ ነው። ሌላው የፌራራው መስፍን ልጅ ኢፖሊቶ ዴስቴ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ሦስተኛው የጁሊያ ወንድም አሌሳንድሮ ፋርኔዜ ነው፤ ዕድሜው 25። አሌሳንድሮ የተማረ ሰው እንደነበር መመስከር ይገባል፤ በሮምና በፍሎሬንስ፣ በሎሬንዞ ዴ ሜዲቺ ቤት፣ የዘመኑን ትምህርት ቀስሟል። የሮም ሰው ግን የካርዲናልነት ቆቡ በማን በኩል እንደመጣ ስላላጣው «የቀሚስ ካርዲናል» አለው። ይህ ሰው ቅስና የተቀበለው በ1519 ነው፤ ካርዲናል በሆነ በ26ኛው ዓመት። በእነዚያ ዓመታት ሲልቪያ ሩፊኒ ከተባለች ሴት ጋር ኖሮ ልጆች ወልዷል።

እንግዲህ ወደ 1494 እንመለስ። በዚያ ዓመት በጋ ጁሊያ ሉክሬዚያን ሸኝታ ወደ ፔሳሮ ሄዳ ነበር። ወንድሟ አንጄሎ በጽኑ መታመሙን ስትሰማ ፈቃድ ሳትጠይቅ ወደ ካፖዲሞንቴ ሄደች፤ አንጄሎ ሞተ። እሷም በዚያው ቆየች። ባሏ ኦርሲኖ በበኩሉ ባሳኔሎ ተቀምጦ ሚስቴ ትምጣልኝ ማለት ጀመረ። ለዓመታት አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው በስንት ጊዜው ቀና ማለቱ ነው። ፖፑ ታገሠ፣ ለመነ፣ ከዚያ ደብዳቤዎቹን አከታትሎ ላከ፤ ለጁሊያ፣ ለአድሪያና፣ ለካርዲናሉም ለአሌሳንድሮ። ለካርዲናሉ ምን ያህል ውለታ እንደዋለለት አስታውሶ፣ ኦርሲኖን ከእኔ ታስበልጣለህ ብዬ አልጠበቅሁም ሲል ወቀሰው። የቆቡ ዋጋ የተጠየቀው በዚህ ጊዜ ነው። ወንድም እኅቱን እንዲያስረክብ በውለታ ተያዘ፤ እኅት በግዝት ተያዘች።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 8ኛ ብዙ ሠራዊት ይዞ ጣሊያንን እየሰነጠቀ ወደ ሮም በሚገሰግስበት ወር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በኖቬምበር መጨረሻ ጁሊያ፣ እኅቷ ጂሮላማና አድሪያና ወደ ሮም ሲጓዙ በቪቴርቦ አካባቢ በፈረንሳይ ፈረሰኞች እጅ ወደቁ። የተጠየቀው ቤዛ 3,000 ዱካት (የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ) ነበር። አሌክሳንደር ገንዘቡን ላከ፤ ሻርልም እንዲለቀቁ አዘዘ። ሴቶቹ ሮም ሲገቡ ፖፑ የተቀበላቸው በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ በስፔን ልማድ ቦት ጫማ አጥልቆ፣ ሰይፍና ጩቤ ታጥቆ እንደነበር የዘመኑ መልእክተኞች ዘግበዋል። የሚላኖው ገዥ ሎዶቪኮ ስፎርዛ ይህን ሲሰማ ፈረንሳዮቹን ሞኞች ናቸው አለ፤ እነዚያ ሴቶች በእጃቸው ቢቆዩ ኖሮ ፖፑ 50,000 ዱካት ከመክፈል አልፎ የተጠየቀውን ሁሉ ባደረገ ነበር። የአንድ ሰው ፍትወት የመንግሥት ድክመት የሚሆነው እንዲህ ነው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 31፣ ሻርል ሮም ገባ።

በዚህ ቤተሰብ ላይ ከዚህ የባሰ ተብሏል። የሥርዓተ በዓል ኃላፊው ዮሐንስ ቡርካርድ በማስታወሻው በ1501 በቼዛሬ ክፍል 50 ሴተኛ አዳሪዎች የተጠሩበትን ግብዣ መዝግቧል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን በዚህ ላይ አይስማሙም። ሉክሬዚያን ከአባቷና ከወንድሟ ጋር የሚያነካካው ወሬ የተነሣው በመጀመሪያ ባሏ ዘንድ ነው፤ ያን የተናገረው ጋብቻው ሲፈርስበትና ስንፈተ ወሲብ አለብህ ተብሎ በአደባባይ ሲዋረድ ነበር። እንዲህ ባለ ምስክር ላይ ክስ መገንባት አልፈልግም። የጁሊያ ደብዳቤዎች ግን በራሱ በቫቲካን ቤተ መዛግብት የተገኙ ናቸው። ከግብዣው ይልቅ ደብዳቤው ይከብዳል።

ያው ብዕር በሜይ 1497 ፍሎሬንሳዊውን መነኩሴ ጂሮላሞ ሳቮናሮላን አወገዘ። ሳቮናሮላ የስብከት ክልከላ ጥሶ ነበር፤ በከተማው ፖለቲካ ውስጥም እስከ አንገቱ ገብቶ ነበር፤ ንጹሕ በግ ነው አልልም። ነገር ግን የሮምን ነውር በአደባባይ ይናገር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተሰቅሎ አስከሬኑ ተቃጠለ። ጁሊያን ለማስፈራራት የተመዘዘ ሰይፍ ሰባኪን ሲቆርጥ፣ የፍርድ ሰይፍ ይሁን የቁጣ ሰይፍ ምእመን በምን ይለየው?

አሌክሳንደር አንድ ጊዜ ብቻ የደነገጠ ይመስለኛል። በጁን 1497 ልጁ ሁዋን ተገድሎ ሬሳው ከቴቬሬ ወንዝ ወጣ፤ ገላው ላይ ዘጠኝ የስለት ቁስል ነበር። አባት ለቀናት እህል ውኃ አልቀመሰም። ከዚያም በካርዲናሎች ጉባኤ ፊት ቆሞ ልጄ በሕይወት ቢመለስልኝ ሰባት የጵጵስና አክሊል እሰጥ ነበር አለ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከራሴ ጀምሬ አድሳለሁ ብሎም ስድስት ካርዲናሎችን ሰየመ። እነርሱም ሠሩ። በረቂቁ መሠረት የአንድ ካርዲናል ቤተኛ ከ80 ሰው፣ ፈረሱም ከ30 እንዳይበልጥ፣ ዕቁባት ያለው ካህን ሁሉ እንዲያሰናብት፣ ሹመት እንዳይሸጥ ተጻፈ። አሌክሳንደር ግን ኀዘኑ ሲበርድ ረቂቁን ሳያውጅ አስቀመጠው። በኦገስት 1503 እስኪሞት ድረስም አላወጀውም።

የጉዳዩ ፍሬ የታየው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። «የቀሚስ ካርዲናል» የተባለው አሌሳንድሮ ፋርኔዜ በኦክቶበር 1534፣ በ66 ዓመቱ፣ ጳውሎስ 3ኛ ተብሎ የጴጥሮስን መንበር ያዘ። ሁለት ወር ጥቂት እንዳለፈው፣ በዲሴምበር፣ ሁለት የልጅ ልጆቹን ካርዲናል አደረገ፤ አንዱ 14፣ ሌላው 16 ዓመታቸው ነበር። ማርቲን ሉተር ከተነሣ 17 ዓመት አልፎታል፤ ግማሽ ጀርመን ከሮም ተለይቷል፤ ይህ ሰው ግን ከ1493 የተማረው ትምህርት አልለቀቀውም።

ሆኖም ሌላውንም ገጽ መሸፈን አልችልም። ይኸው ጳውሎስ በ1536 ደፋር ሰዎችን መርጦ የቤተ ክርስቲያኒቱን በሽታ እንዲመረምሩ አዘዘ። በ1537 ያቀረቡለት ጽሑፍ አያባብለውም። የክፋቱ ሁሉ ምንጭ ፖፑ የሹመት ሁሉ ጌታ ነውና የራሱን ቢሸጥ ኃጢአት የለበትም የሚሉ አወዳሾች ናቸው ይላል። በሮም ጎዳና ሴተኛ አዳሪዎች እንደ ጨዋ እመቤት በበቅሎ ተቀምጠው፣ የካርዲናሎች ቤተኞች በጠራራ ፀሐይ እያጀቧቸው ይሄዳሉ ይላል። ጽሑፉ አፈትልኮ ታተመ፤ ሉተርም ወደ ጀርመንኛ መልሶ ለክርክሩ ተጠቀመበት። በዲሴምበር 1545 ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለማደስ የተጠራውን የትሬንትን ጉባኤ አስከፈተ። በዚያው ዓመት በኦገስት ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱን ርስት ፓርማንና ፒያቼንዛን ነጥሎ ለገዛ ልጁ ለፒየር ሉዊጂ መስፍንነት ሰጠ። ልጁ ከገዛ ሁለት ዓመት እምብዛም ሳያልፍ፣ በሴፕቴምበር 1547፣ በፒያቼንዛ ባላባቶች ተገደለ፤ ዘሩ ግን ፓርማን እስከ 1731 ገዛ።

ለእኛም የሚነካን ክር በዚሁ ሰው ዘመን ውስጥ አለ። በቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ በሚገኘው፣ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት በተሰጠው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በሮም ያሳተሙት በጳውሎስ 3ኛ ዘመነ ጵጵስና፣ በእርሱም ድጋፍ ነው። አታሚዎቹ ፊደሉን አያነቡም፤ እርሳቸውም የኅትመት ሥራ አያውቁም፤ ለስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀው አሳትመውታል። ያ መጽሐፍ ሲታተም ያንን ያህል ልፋት የታየበት ገዳምና ያ የሹመት ገበያ የአንድ ግድግዳ ጎረቤቶች ነበሩ።

ጁሊያስ? ባሏ በ1500 ሞተ። ላውራን በ1505 ለአዲሱ ፖፕ ለዩልዮስ 2ኛ የእኅት ልጅ፣ ለኒኮላ ዴላ ሮቬሬ ዳረቻት። ከዚያ በኋላ በካርቦኛኖ የራሷን ርስት እያስተዳደረች ኖረች፤ በግንቡ በር ላይ ስሟ ተቀርጾ ይገኛል። በ1524፣ ወንድሟ ገና ካርዲናል ሳለ፣ በሮም ዐረፈች።

ጳውሎስ 3ኛ በ1549 ሲሞት ጉሊዬልሞ ዴላ ፖርታ መቃብሩን ሠራለት። ዛሬም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ከፖፑ የነሐስ ምስል እግር ሥር ሁለት የእብነ በረድ ሴቶች ጋደም ብለዋል፤ አንዷ ጥበብ፣ አንዷ ፍትሕ። ፍትሕ የተቀረጸችው በጁሊያ አምሳል ነው የሚለው ትውፊት በሮም ሲነገር ቆይቷል። ቀራፂው ራቁቷን ነበር ያወጣት። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከብረት የተሠራ ልብስ አለበሷት፤ እብነ በረድ እንዲመስልም ነጭ ቀለም ቀቡት።